ጠብታው አምስት ኮከብ፣ መዝገቡ አንድ

ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ጸጉር ቤት ግምገማ ስትጽፉ አያለሁ። እኔ ደግሞ ዛሬ በነፃ የሚሰጥ፣ በር ድረስ የሚመጣ፣ ግን ብዙ ሰው በሩን የሚዘጋበትን አገልግሎት ልገምግም። ቤት ለቤት የሚሰጠውን የልጅነት ልምሻ ክትባት። ፖሊዮ የምንለውን።

"አንተ ደግሞ ምን አገባህ?" እንዳትሉኝ። አስተማሪ ነኝ። እኛ አካባቢ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሰላም የለም፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ቤት ቁጭ ብዬ ደሞዝ ስጠብቅ (እሱም ሲመጣ ነው የሚመጣው) የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ "ጽሕፈትህ ያምራል፤ ለአራት ቀን መዝጋቢ ሁነን" አለችኝ። አበል አለው። ሄድኩ። እስካሁን ሁለት ዙር ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ተገልጋይ ነበርኩ፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ስለዚህ ከበሩ ውስጥም ከበሩ ውጭም ቆሜ አይቸዋለሁ። የቀበሌውን ስም አልጠራም። ከአስፋልቱ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል፣ ግማሹ ቆላ ነው፤ ይህ ይበቃችኋል።

ከጠብታው ልጀምር። እሱ ላይ አቃቂር ማውጣት ይከብዳል። ሁለት ጠብታ አፍ ውስጥ፣ አለቀ። መርፌ የለ፣ ቁስል የለ። ጠርሙሷ አውራ ጣት ብታክል ነው፤ እኛ የያዝነው ዓይነት አንዷ ለ50 ልጅ ትበቃለች። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ይወስዳል። በፊት የወሰደም ይወስዳል፣ ጉንፋን የያዘውም ይወስዳል። ልጁ ፊቱን አጨማድዶ ያለቅሳል፣ ከዚያ የግራ እጁ ትንሿ ጣት በማይለቅ ቀለም ይቀባለታል፣ ቀለሙን ሲያይ ለቅሶውን ይረሳል። ልጆች ይህን አገልግሎት የሚወዱት ለቀለሙ ነው ብል አላጋነንኩም።

እኔን ያስገረመኝ ጠርሙሷ ላይ ያለችው ምልክት ናት። ክብ አለች፤ በክቧ መሀል አራት ማዕዘን አለች። አራት ማዕዘኗ ከክቧ ነጣ ብላ ከታየች መድኃኒቱ ደህና ነው። ሙቀት ባገኛት ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች፤ ከክቧ ጋር እኩል ከጠቆረች ወይም ከባሰች ጠርሙሱ ይጣላል። በፈረንጆቹ 1996 ነው የፖሊዮ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ የጀመረችው። እኔ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ስለ እሷ የሰማሁት አምና ነው።

ቆላው ላይ አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት አሉ። ክትባቱን በበረዶ የያዝንበትን ሳጥን ከላይ እስከ ታች አዩትና "በዚህ ፀሐይ ተሸክማችሁት ስትዞሩ ውላችሁ አልተበላሸም ልትሉኝ ነው? እኔ ቅቤዬን እንኳ ገበያ ሳላደርሰው ይቀልጣል" አሉ። ሰልጣኝ ሆኜ የተማርኩት መልስ "እማማ፣ አይበላሽም" የሚል ነበር። ከታቢዋ ግን ምንም አላለችም። ሳጥኑን ከፈተች፣ ጠርሙሷን አውጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ስለ ምልክቷ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ገልጠው፣ ደጋግመው አዩ። "ነጭ ናት" አሉ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። "ለቅቤም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ስንቱ ሌባ በተጋለጠ" ብለው አሳቁን።

እንግዲህ ጠብታው አምስት ኮከብ። ሳጥኑ አራት፤ በረዶው ከተሞላ ይከብዳል፣ ማንጠልጠያው ትከሻ ይበላል።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር። ሰው ለምን በሩን ይዘጋል?

መጀመሪያ የመሰለኝ ለሁላችሁም የሚመስላችሁ ነው። ወሬ። "መካን ያደርጋል"፣ "የሕዝብ ቁጥር ለመቀነስ ነው"። ይሄ ወሬ አለ፤ የለም አልልም። የእኛ ብቻም አይደለም። በፈረንጆቹ 2003 ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ካኖ የሚባለውን ጨምሮ ጥቂት ክልሎች በዚሁ ጥርጣሬ ክትባቱን አቁመው ነበር። ካኖ የተመለሰው ወር ከተቆጠረ በኋላ፣ ክትባቱ ሙስሊም ከሚበዛባት ከኢንዶኔዥያ ሲመጣለት ነው። ለጥርጣሬውም ምክንያት ነበረው፤ በ1996 እዚያው ካኖ ውስጥ አንድ የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ የማጅራት ገትር በያዛቸው ልጆች ላይ መድኃኒት ሞክሮ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቷል። ታዲያ ካኖ የተዘጋው በር ለእኛም ተርፏል። ቫይረሱ በቻድ፣ በሱዳን አድርጎ በ2004 መጨረሻ ኢትዮጵያ ገባ። አገራችን ከ2001 ጀምሮ ነፃ ሆና ነበር። ከናይጄሪያ የተነሳ ነገር የእኛን ልጅ ሽባ ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል?

ግን እኛ ጋ ዋናው ወሬው አልነበረም። ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ቀን ነው። ከታቢዋ ቀድማ ስትገባ በሩ ይከፈታል። እኔ መዝገቤን ስከፍት ይዘጋል። መጀመሪያ ቀን አራት ቤት እንዲህ ሆነ፣ እኔ ደግሞ ሰዎቹን "ያልገባቸው" ብዬ ማታ ለሚስቴ አወራሁ። በማግስቱ አንድ አባት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ላይ የተቀመጡ፣ እጄን ያዙኝና "ልጄ፣ ጠብታው ይሁን። ይሄ የምትጽፈው ግን ማን ዘንድ ነው የሚሄደው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አስቤበት አላውቅም።

ነገሩን ከእሳቸው በኩል እዩት። ቤት ለቤት ሰው ይዞራል። ስንት ነፍስ አለ ይላል። አባወራው ማን ይባላል ይላል። አሁን የት ነው ይላል። ከዚያ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥርና ቀን ጽፎ፣ ቀስት አስምሮ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ሰላም ባለበት አገር ይሄ ቆጠራ ነው። ልጅህ ጫካ ይሁን፣ ካምፕ ይሁን፣ ስደት ይሁን ማንም እንዳያውቅብህ በምትጸልይበት ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠመኔውማ! በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቆላው ሰፈር ስንደርስ የጻፍናቸው ቁጥሮች በሙሉ ጠፍተዋል። በውሃ ያጠቡ አሉ። አንዷ ቤት ላይ በእበት ተለቅልቆበታል፣ ገና እርጥብ ነበር፣ የጣቶቿ መስመር ይታያል።

ተጠራጣሪ ሕዝብ ነው ለምትሉ አንድ ታሪክ ላስታውስ። በፈረንጆቹ 2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ፓኪስታን ውስጥ አቦታባድ ከተማ ላይ ቢን ላደንን ሲያድን የሐሰት የክትባት ዘመቻ አስደርጓል። ሐኪም ቀጥሮ፣ ክትባት ነው ብሎ፣ የዘረመል (ዲኤንኤ) ናሙና ለማግኘት። ልብ በሉ፣ የተባለው ክትባት የሄፓታይተስ ነበር፣ የፖሊዮ አልነበረም። ዕዳውን የከፈሉት ግን የፖሊዮ ከታቢዎች ናቸው። በ2012 ሰኔ ሰሜን ዋዚሪስታን ውስጥ አንድ የታጣቂዎች አዛዥ የድሮን ጥቃት እስኪቆም ድረስ ክትባት የለም ብሎ አገደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ካራቺና ፔሻዋር ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ከታቢዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በ2014 ፓኪስታን 306 ልጆች በፖሊዮ ሽባ መሆናቸውን መዘገበች። ዋይት ሐውስ ሲአይኤ ከእንግዲህ ክትባትን ሽፋን አድርጎ አይጠቀምም ብሎ ቃል የገባው በ2014 ግንቦት ነው። ዘግይቶ።

ስለዚህ እኒያ አባት "ማን ዘንድ ነው የሚሄደው?" ሲሉኝ አላዋቂነት አልነበረም። ከእኔ በላይ ገብቷቸዋል።

ታዲያ ምን አደረግን? የጤና ኤክስቴንሽኗ ማታ ቁጭ አድርጋ ወረቀቱን እንደገና አስነበበችኝ። የዘመቻው ቅጽ ስም አይፈልግም! ልጅ በተከተበ ቁጥር አንድ ጭረት ነው፤ አምስት ሲሞላ ሰያፍ። ዕድሜው በሁለት ይከፈላል፣ በቃ። "የአባወራ ስም" የሚለውን ዓምድ ከአንድ የቆየ መዝገብ ገልብጦ ያስገባው የእኛው የበላይ ነው፣ ለሪፖርት ያምራል ብሎ። እኔም አስተማሪ ነኝና ዓምድ ካየሁ እሞላለሁ። በማግስቱ ያንን መዝገብ እቤት ትቸው ወጣሁ። ጭረቱን የምጭረው ሴትየዋ ፊት፣ ወረቀቱን ወደሷ አዙሬ ነው። "አዩ እማማ፣ የእርስዎ ልጅ ይቺ ጭረት ናት።" ጠመኔውን ደግሞ በሩ ላይ መጻፍ ትተን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ትንሽ ነጥብ ማድረግ ጀመርን። ደንቡ ይህን አይልም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ተቆጣ። ሄዶ የተዘጉትን ቤቶች ቆጠረ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ሁለተኛው ለውጥ ብዕሩን እኔ መያዜን ማቆም ነበር። ቆላው ላይ እኔን ማን ያውቀኛል? አንድ የሰፈሩ ሴት፣ የዕድር ጸሐፊ፣ እስከ 6ኛ ክፍል የተማረች፣ ጭረቷ ከእኔ የተሻለ ቀጥ ያለ፣ እሷ ያዘች። እኔ ሳጥን ተሸካሚ ሆንኩ። ደረጃዬ ዝቅ አለ ብላ ሚስቴ ትስቅብኛለች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚዘጋ በር በጣት የሚቆጠር ሆነ።

ስለ ሚስቴ ካነሳሁ፣ የራሴን ቤት ጉድ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እኛ ሰፈር ሌላ ቡድን መጥቶ ነበር። ማታ ስገባ ልጄ "ይሄኛውም ይቀባ" ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። ግራ ጣቷ ተቀብቷል። ጥሩ፣ ጠብታውን ወሰደች ማለት ነው ስል ሚስቴ "የምን ጠብታ? ጠርሙሱ አልቆብናል ነገ እንመለሳለን ብለው ጣቷን ቀብተው ሄዱ" አለች። ነገ አልተመለሱም። ወረቀቱ ላይ ግን ልጄ ተከትባለች። እኔ ኋላ መዝጋቢ ስሆን ነው ምክንያቱ የገባኝ። ማታ ማታ ስልክ ይደወላል፤ "ስንት ፐርሰንት ደረሳችሁ?" ይባላል፤ 80 ካልክ ይጮህብሃል፣ 98 ካልክ ጎበዝ ትባላለህ። እንዲህ ከሆነ ቀለሙ ከጠብታው ይቀድማል። ለዚህኛው ክፍል ሁለት ኮከብ፣ ያውም ለልጆቹ አዝኜ።

በሚቀጥለው ዙር ሚስቴ እኔው ቡድን ሳለሁ እኔኑ ጠየቀችኝ። "አሁን ጠርሙሱ ውስጥ አለ?" ከፍታ አየች። ከዚያ ልጅቷን ሰጠች።

ክርስትና ስላልተነሱት ሕፃናት ሳልናገር ባልፍ ግምገማዬ ይጎድላል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው እኛ ጋ ክርስትና የሚነሱት። እስከዚያ ሕፃን ለእንግዳ አይታይም፣ ዓይን ይበላዋል። እና ከታቢ "ጨቅላ አለ ወይ?" ብሎ ደጅ ላይ ሲጮህ መልሱ ሁልጊዜ "የለም" ነው። ከጓዳ ልቅሶው እየተሰማ። ስልጠናው ላይ ይሄ "እምቢተኛ" ይባላል። እምቢተኛ አይደለም፤ አራስ ናት። ከታቢዋ መላውን ታውቀዋለች። እኔን በርቀት ታስቆመኛለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብላ ትገባለች፣ ስለ ወተቷ ትጠይቃታለች፣ ስለ ሕፃኑ መልክ አንዲት ቃል አትናገርም። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ አራሷ ራሷ አፉን ትከፍትላታለች። የእኛ ቡድን በቀን የሚያዳርሰው ቤት ከሌሎቹ ያነሰ ስለነበር ስንወቀስ ነበር፤ አሥር ደቂቃው ነው የበላው።

ፀበል የያዙ ልጆችም አሉ። "ፀበል ላይ ነው፣ መድኃኒት አይነካም።" እዚህ ላይ እኛ ብንለፋ ከንቱ ነበር። የደብሩ ቄስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ የራሳቸውን የልጅ ልጅ አቅፈው መጥተው ሕዝብ ፊት አስጠጡ። አለቀ። አንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ክታብ አስሮ ሲመጣ ከታቢዋ "ይሄስ ተከትቦ የለም እንዴ!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቷን ነው እኮ፤ ክታቡም ክትባቱም ያው "ከተበ" ነው።

ከሁሉ በላይ በር የከፈቱልን ግን አንዲት ባልቴት ናቸው። ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ። ልጅ ሳሉ ሁለት ወንድሞቻቸው በፈንጣጣ እንደሞቱ ለሚሰማም ለማይሰማም ይናገራሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈንጣጣ የጠፋው በፈረንጆቹ 1976 ነው፣ ከዓለም መጨረሻዎቹ ነበርን። የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ደግሞ ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ውስጥ በ1977 የተገኘው የሆስፒታል ምግብ አብሳዩ አሊ ማው ማሊን ነው። ይህ ሰው ሆስፒታል እየሠራ ክትባቱን ሸሽቶ ነበር፤ ያማል ብሎ ፈርቶ። ዳነ። ኋላ የፖሊዮ ዘመቻ ውስጥ ገብቶ ቤት ለቤት እየዞረ ለእናቶች የራሱን ጅልነት ይነግራቸው ነበር። በ2013 ፖሊዮ ሶማሊያን እንደገና ሲያጠቃ ዘመቻ ላይ ሳለ ወባ ይዞት ሞተ። በዚያው ዓመት ያው ወረርሽኝ ድንበር ተሻግሮ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ገባ፤ 9 ልጆች በዚያ ዓመት፣ 1 ደግሞ በ2014 ጥር። ለእኒያ ባልቴት ስለ አሊ ስነግራቸው ብዙ ዝም ብለው "ፈርቶ ሸሸ? እኔስ ማን ሊከትበኝ መጣና ልሽሽ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ዱላቸውን ይዘው ከፊታችን ይሄዳሉ። እሳቸው በር ላይ ቆመው ፊታቸውን ካሳዩ እኛ ንግግር አያስፈልገንም።

ኬላው ላይ ያለውን ደግሞ በአጭሩ። በመንገዳችን ሁለት ኬላ አለ፣ የማን የማን እንደሆነ አይጠየቅም። ሽማግሌዎች አስቀድመው ተነጋግረውልናል፤ ማን ለማን እንደነገረ አልጠየቅኩም። አንዱ ጋ ገና ጢሙን ያልጨረሰ ልጅ መሣሪያ ይዞ "ሳጥኑን ክፈቱ" አለ። ከታቢዋ "ወንድሜ፣ እከፍታለሁ፣ ግን ቶሎ እይ፣ ቅዝቃዜው ያመልጣል" አለችው። አጎንብሶ አየ። በረዶውን በጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማዶ ያለችው እህቴ ልጅ አላት። እሷ ጋ ደርሳችኋል?" አለ። ኤልሳልቫዶር ውስጥ በ1985 መንግሥትና ሽምቅ ተዋጊዎቹ ቤተክርስቲያን ገብታበት ለልጆች ክትባት ሲሉ ለተወሰኑ ቀናት ተኩስ አቁመዋል። በ2024 ጋዛ ውስጥ ፖሊዮ 25 ዓመት ሳይታይ ቆይቶ አንድ የ10 ወር ሕፃን ሲይዘው መስከረም ላይ ለክትባቱ ተብሎ ውጊያው በየአካባቢው ለሰዓታት ጋብ ብሏል። የእኛው እንዲህ በዜና የሚወራ አይደለም። ኬላ ላይ ያለ ልጅና አንዲት እህቱ ናት።

አሁን የምናደድበትን ልንገራችሁ። ስልክ ያለው አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቁሞን "ፖሊዮን የሚያመጣው ራሱ ክትባቱ ነው ተብሎ አንብቤያለሁ። እውነት ነው?" አለ። አብሮን የነበረው ተቆጣጣሪ "ውሸት ነው፣ የፌስቡክ ወሬ" ብሎ አባረረው። ውሸት አይደለም። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ካልተብራራ መርዝ ነው። አፍ ውስጥ የሚንጠባጠበው ክትባት የተዳከመ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። የወሰደው ልጅ በሰገራው ያወጣዋል። ሰፈሩ በሙሉ የተከተበ ከሆነ እዚያው ያልቃል። ብዙ ያልተከተበ ልጅ ካለ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ከርሞ ጉልበቱን ሊመልስ ይችላል። በ2019 ዶሎ ዞን ቦህ ወረዳ የተገኘው ዓይነት 2 የሚባለው የፖሊዮ ቫይረስ ይሄ ነው። ለዚህም ነው እኛ የያዝነው አዲሱ ክትባት የተሠራው፤ ቫይረሱ በቀላሉ እንዳይለወጥ ተደርጎ። እና መፍትሔው ያው ብዙ ልጅ መከተብ ነው። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ማታ ፈልጌ አግኝቼው ለልጁ ነገርኩት። "ታዲያ ለምን ውሸት ነው አለኝ?" አለ። እኔም አላውቅም። ሰው አንዴ ዋሽተህ ከያዘህ የሚቀጥለውን እውነትህንም አይሰማም። ለመረጃ አንድ ኮከብ ብሰጥ እንኳ በልግስና ነው። ስልጠናው ግማሽ ቀን ነበር፤ ግማሹን የበላው የጠርሙስ አያያዝ፣ የቀረውን ምሳ።

ሌላው የሰው ቅሬታ ከጠብታው ጋር አይገናኝም፣ ግን በእኛ ላይ ነው የሚወርደው። "ሽባ የሆነ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ወባ ግን በየቀኑ አያለሁ። ለወባ ክኒን የለም ትሉኛላችሁ፣ ያልለመንኳችሁን ደጄ ድረስ ታመጣላችሁ። ምን ብትፈልጉ ነው?" ያለችኝ እናት አለች። መልስ ስጧት እስቲ። ቫይረሱ ከገባባቸው 200 ልጆች አንዱ ገደማ ነው ሽባ የሚሆነው፤ ሌላው ወይ ትንሽ ያተኩሰዋል ወይ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ እሷ ልታይ አትችልም፤ ስታይ ደግሞ ቫይረሱ ሰፈሩን ጨርሶ ነው። ይህን ነገርኳት። "እሺ፣ ወባውስ?" አለች። በሁለተኛው ዙር የጤና ኤክስቴንሽኗ እንደምንም ለምና የወባ ክኒንና የትኩሳት መለኪያ ይዛ መጣች። ያን ቀን ጠዋት ሰው ተሰልፎ ጠበቀን። ቤት ለቤት መሄድ እንኳ ሳያስፈልገን ዋርካው ሥር ተቀምጠን ከተብን። ከሁለት ዙር ሥራዬ አንድ ቀን ምረጥ ብትሉኝ ያቺን ነው።

እንዲሁ ለወሬ ያህል፦ አንድ ልጅ እግሩ ድንገት ከላላ፣ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑን ለማየት ሁለት ጊዜ ሰገራው ተወስዶ፣ በመካከሉ 24 ሰዓት ተጠብቆ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ይህን ለአንዲት እናት ስንነግራት "የእኛ ቤት ሰገራ አዲስ አበባ ይገባል? እኔ እንኳ ገብቼ አላውቅ!" ብላ ወለሉ ላይ ተንፈራፍራ ሳቀች።

ውጭ ላላችሁም አንድ ነገር። ሲያትል የሚኖረው ዕዝራ ተሾመ ሮታሪ የሚባለውን የበጎ አድራጎት ክበብ አባላት ይዞ ለክትባት ዘመቻ አገር ቤት ሲመላለስ ዓመታት ሆኖታል፣ ክብር ይገባዋል። ሁላችሁም መምጣት አትችሉም። ግን ለእናታችሁ፣ ለእህታችሁ ስትደውሉ "ጠብታው መጣ? አስጠጣችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ። ዋትስአፕ ላይ የደረሰባችሁን "መካን ያደርጋል" የሚል ድምፅ ወደ ገጠር ከማስተላለፋችሁ በፊትም እጃችሁን ያዝ አድርጉ፤ እኔ ቆላ ድረስ ወርጄ የሰማሁት አንዱ የተነሳው ከዱባይ ነው።

እናንተ ጋ ከመጡ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ጠርሙሷን አሳዩኝ በሉ፣ አራት ማዕዘኗን እዩ፣ ቀለሙ ከጠብታው በኋላ እንጂ በፊት እንዳይቀባ፣ ስም ከጠየቋችሁ ለምን በሉ። መደበኛውን ክትባት ደግሞ አትተዉ፤ በተወለደ፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንቱ ጠብታ አለ፣ በ14ኛው መርፌም አለ። ይሄ ዘመቻ ለዚያ ተጨማሪ ነው፣ ምትክ አይደለም።

አንድ ቤት ቀርቶናል። ቆላው ጫፍ ላይ፣ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ። ባሏ ከተወሰደ ዓመት አልፎታል፣ ማን እንደወሰደው አትናገርም። መጀመሪያ ዙር ውሻ ለቀቀችብን። በሁለተኛው ከባልቴቷ ጋር ሄድን፤ ውሻውን አሰረች፣ ግቡ አለች፣ ቡና አፈላች። ሦስቱንም ጠጣን። ስለ ጠብታው ማንም አላነሳም። ልጁ ከመጋረጃው ኋላ ሁለት ጊዜ አጮልቆ አየን። ስንነሳ "ለመምጣታችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ እሱን ግን ዛሬ አይሆንም" አለች። የዕድር ጸሐፊዋ ወረቀቱ ላይ "ያልተከተበ" በሚለው ሥር አንድ ጭረት ጫረች፣ ለሴትየዋም አዙራ አሳየቻት። በሦስተኛው ዙር መጀመሪያ የምንሄደው እሷ ጋ ነው።